«ቤቶች!» ብለን ስላንኳኳነው ቀይ ሣጥን

ለክቡር አቶ ኃይለመስቀል፣
የዘመናዊ መገልገያዎች ማስፋፊያ ጽሕፈት ቤት ሥራ አስኪያጅ፣
አዲስ አበባ።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎና ለመላው ቤተሰብዎ ጤናና ዕድሜ እመኛለሁ፤ መኖሪያዎን፣ ቢሮዎንና የቢሮዎን መጋረጃ ሁሉ ከእሳት ይጠብቅልዎ። እኛም ከጎረቤታችን ከአቶ ሽኩር ፍራሽ ቤት በቀር ሁላችንም ደህና ነን። እኔ በኮልፌ ገበያ ምስማርና ጓጉንቸር የምሸጥ መሸሻ ይገዙ የምባል ነጋዴ ስሆን፣ ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፍልዎ ቀደም ሲል ለብቻዎ የላክሁልዎ ደብዳቤዎች በጽሕፈት ቤትዎ ደረጃ ላይ ደክሟቸው የቀሩ ስለ መሰለኝ ነው።

ባለፈው ጥር ከገበያው ፊት ለፊት ባለው ምሰሶ ላይ ቀዩን የእሳት አደጋ መጥሪያ ሣጥን ሰቅለው ሲመርቁልን፣ ይህ መሣሪያ ለዛሬ ብቻ ሳይሆን ለመጪው ሃምሳ ዓመት የታሰበ ነው ብለው መናገርዎን እናስታውሳለን፤ እጃችን እስኪቃጠልም አጨብጭበናል። ጥፋቱ የእኛ ነው። ሃምሳውን ዓመት መጠበቅ አቅቶን በሚያዝያ ተቃጠልን። ስለዚህ ምስጋናዬን እንደሚከተለው በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ጽሑፉ አመሰግናለሁ። በመስተዋቱ ላይ በነጭ ቀለም በባዕድ ቋንቋ የተጻፈ አንድ መስመር አለ፤ ከሥሩ ደግሞ ጽሕፈት ቤትዎ በአማርኛ ያስለጠፈው «የመንግሥት ንብረት ነው፤ የነካ ይቀጣል» የሚል ሰሌዳ አለ። ከሁለቱ ማንበብ የምንችለው ሁለተኛውን ብቻ ስለ ሆነ እርሱን አክብረን ኖርን፤ የገበያው ዘበኛ አቶ ገረሱም ዝንብ እንዳያርፍበት በዱላቸው ሲጠብቁት ከረሙ።

ሁለተኛ፣ ስለ አስተማሩን ጨዋነት አመሰግናለሁ። በዚያ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በአቶ ሽኩር ቤት የላምባ ምድጃ ተገልብጦ ጥጡና ጭዱ ሲያያዝ፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ አልፊያ ወደ ሣጥንዎ ሮጡ። ከመስተዋቱ በስተጀርባ የስልክ እጀታ ስላዩ ውስጡ ሰሚ ያለ መስሏቸው፣ የሰው ደጅ እንደ ደረሰ ጨዋ እንግዳ በጣታቸው አንኳኩተው «ቤቶች! ቤቶች!» ብለው ተጣሩ። ቤቶች ዝም አሉ። እኛም ከኋላቸው ተሰብስበን ቤቶች እንላለን፤ አንዱ ቀስ ብለው ያንኳኩ፣ የመንግሥት መስተዋት ነው ይላል፤ አቶ ገረሱ ዱላቸውን አጋድመው እንዳንጠጋ ይለምኑናል። ክቡር ሆይ፣ ቤቱ እየነደደ ደጅ የሚጠና ሕዝብ ከእኛ ሌላ ካለ ይንገሩኝ። ነገሩ ትዝ ባለኝ ቁጥር አፍራለሁ፤ ከማፈሬም ይልቅ እናደዳለሁ።

ሦስተኛ፣ ስለ አሠራሩ ጥበብ። ባለቤቴ ወይዘሮ ሰርኬ በርበሬ ስትወቅጥ ጩኸቱን ሰምታ ዘነዘናዋን እንደ ያዘች መጣች፤ እኛን አየች፣ ሣጥኑን አየች፣ ከዚያም አቶ ገረሱን «አባባ፣ ዞር ይበሉልኝ» ብላ መስተዋቱን አደቀቀችው። እጀታውን አንሥታ ኮልፌ ተቃጠልን፣ ድረሱልን እያለች ድምጿ እስኪዘጋ ጮኸች። እጀታው የሚሰማው ግን መጀመሪያ ትንሿ ዘንግ ወደ ቀኝ ዞራ፣ ከዚያ ቁልፉ ተጭኖ፣ አረንጓዴ መብራት ሲበራ ብቻ እንደ ሆነ የተነገረን በኋላ ነው። ቤቱ የሚነድበት ሰው እጁ ሳይንቀጠቀጥ፣ ውስጡ በማያውቀው ቋንቋ የተጻፈውን መመሪያ አንብቦ፣ አረንጓዴውን መብራት በትዕግሥት ቆሞ ይጠብቃል ብለው መገመታቸው ባለሙያዎችዎ ለሰው ልጅ ያላቸውን ትልቅ አክብሮት ያሳያል። እኔ የምሸጠው ጓጉንቸር በጨለማ በዳበሳ ካልተከፈተ ገዢው በማግስቱ ፊቴ ላይ ይወረውረዋል።

አዲስ ነገር ጠሉ እንዳይሉን እሰጋለሁ። አዲስ ነገር እንወዳለን። በመጨረሻ ያዳነን ባለታክሲው ገብረወልድ ነው፤ በሰይቸንቶ መኪናው በርሮ ሄዶ እሳት አደጋዎቹን ጠራልን፣ እነርሱም እንደ ሰሙ መጡ። ሰይቸንቶውም እንደ ሣጥንዎ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነው፤ በሩ ግን በር ነው፣ ይከፈታል፣ ይገባል። ሆኖም እሳት አደጋዎቹ እስኪደርሱ ከፍራሽ ቤቱ የተረፈው የስፌት መኪናው ብረት ብቻ ነበር። አቶ ሽኩር አሁን በእኔ ሱቅ በረንዳ ላይ ተቀምጠው የሰው ትራስ በእጃቸው ይሰፋሉ።

አራተኛ፣ ስለ ፈጣኑ ምላሽዎ። በእሳቱ ዕለት ያላየነው ጽሕፈት ቤትዎ ሰኞ ማለዳ ከነባለሙያውና ከነፖሊሱ ደረሰልን፤ የመጣው ግን የተቃጠለውን ቤት ሳይሆን የተሰበረውን መስተዋት ሊያይ ነው። ጅብ ከሄደ የሚለውን ተረት መጨረስ በክቡርነትዎ ፊት ድፍረት ስለሚሆን እተወዋለሁ። ሰርኬ የመንግሥትን ንብረት ሆን ብላ አጥፍታለች ተብላ ተከሰሰች፤ ቀጠሮዋ የፊታችን ሐሙስ ነው፤ ልትታሰር እንደምትችልም ነግረውናል። ባለሙያዎ ጉዳቱን ለፖሊስ ሲያስረዱ ግን በነጭ የተጻፈውን መስመር ወደ አማርኛ መለሱት፤ «እሳት ሲነሣ መስተዋቱን ይስበሩ» ማለት ነው አሉ። ወይዘሮ አልፊያ ይህን ሲሰሙ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ በዚያ ቀን ከተሰበሰበው ሰው ሁሉ የመሣሪያዎን ትእዛዝ የፈጸመች ሰርኬ ብቻ ናት፤ የተከሰሰችውም እርሷ ብቻ ናት። ሰሌዳውን አክብረን፣ ቆመን ያስቃጠልን እኛ በነፃ እንዞራለን። እኔ ባሏ ከቆሙት አንዱ ነበርሁ። ክሱን ያንሡልኝ ብዬ አልለምንም፤ የምለምነው ሐሙስ ጠዋት ራስዎ ችሎት ቀርበው ሁለቱን ጽሑፎች ተራ በተራ ለዳኛው እንዲያነቡልን፣ ሰርኬ የትኛውን መታዘዝ እንደ ነበረባትም እንዲያስረዱልን ነው።

ክቡርነትዎ ሲያንኳኩ የሚከፈትልዎ፣ ሲጣሩም ሰሚ የማያጡ እንዲሆኑ እየተመኘሁ፣ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣ ለመጪው ሃምሳ ዓመት የማልበቃ ትሑት አገልጋይዎ፣

መሸሻ ይገዙ
ከኮልፌ ገበያ፣ ግንቦት ፲፱፻፷፫ ዓ.ም.

ከፊርማ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ትናንት ሠራተኞችዎ ለሣጥኑ ወፍራም መስተዋት ከነብረት ፍርግርጉ አስገብተው በጓጉንቸር ቆልፈውታል፤ ጓጉንቸሩን ከእኔው ሱቅ ስለ ገዙ አመሰግናለሁ። ቁልፉ በጽሕፈት ቤትዎ በሥራ ሰዓት እንደሚገኝም ነግረውናል። ስለዚህ ከእንግዲህ እሳት ሲነሣ ከክቡርነትዎ ደጅ መጥተን «ቤቶች!» እንላለን። የሰርኬ ዘነዘና በኤግዚቢትነት ፖሊስ ጣቢያ ስለ ቀረ ሌላ ገዝቼላታለሁ፤ የአሁኑ የብረት ነው።