በትልቁ ጉድጓድ ውስጥ የነበረችው ጭረት

ውድ እታለም፣

ዛሬ ጠዋት አወጣኋት! ሰላምታውን ሳላስቀድም የምለፈልፈው ለዚህ ነው፤ መቼስ ታውቂኛለሽ። በጎልፍ ሜዳችን ከመጨረሻው ባንዲራ ጎን ካለው ከትልቁ የአሸዋ ጉድጓድ፣ ሰው ሲገባበት ቆቡ ብቻ ከሚታየው፣ ኳሷን በአንድ ምት አወጣኋት። ተጫዋቾቹ ሳይመጡ፣ ትተሽልኝ በሄድሽው በዚያ አሮጌ ዱላ። ሣሩ ላይ ዱብ ስትል በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚህ ጉልበቴ ዘለልኩ። "አየሽልኝ?" ብዬ ዞር አልኩ። አንቺ ትቆሚበት የነበረው ጠርዝ ላይ አሸዋውን የማስተካክልበት ባለ ጥርሱ ሬኬ ብቻ ተጋድሟል። እዚያው አሸዋው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

በእነዚህ ሰባት ዓመታት የላክሁልሽ ደብዳቤ ሁሉ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጉልበቴ፣ ስለ ጎረቤቶቻችን ጠብ ነበር። ለአንዱም መልስ አልሰጠሽኝም። ልክ ነሽ፤ ዋናው ነገር አንዱም ውስጥ አልነበረማ።

ያስተማርሽኝን አልረሳሁም። "ኳሷን ተያት፣ አሸዋውን ምቺ" ትዪኝ ነበር። "ከኳሷ ሁለት ጣት ያህል ወደ ኋላ ግቢ፤ አሸዋው ራሱ ተሸክሞ ያወጣታል። ብቻ እጅሽ ግማሽ መንገድ ላይ እንዳይፈራ።"

"ግማሿ ከተቀበረችስ?"

"ያኔ የዱላውን ፊት ወደ ሰማይ አትክፈቺው። ቀጥ አድርገሽ ቆፍሪባት። ስትወጣ ብዙ ትንከባለላለችና እሱንም አስቢበት።"

"ግድግዳው ከፍ ካለብኝስ?"

"ታዲያ ወደ ባንዲራው ምቺ ማን አለሽ? ወደ ጎን ውጪ። ካልሆነም በመጣሽበት ወደ ኋላ ውጪ። ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ ኩራት ምን ያደርጋል?"

እኔ እስቃለሁ፤ አንቺ ጣትሽን ትቀስሪያለሽ። "ከሁሉም በላይ፣ ከመምታትሽ በፊት ዱላሽ አሸዋ እንዳይነካ። ለልምምድ ስታወዛውዢውም ቢሆን። ከነካሽ ሁለት ምት ትቀጫለሽ።"

አሥራ አራት ዓመት የሰው ዱላ ተሸክመሽ፣ ከሰው ጀርባ ቆመሽ በዓይንሽ የተማርሽው ነበር ያ ሁሉ። የዛሬ ሰባት ዓመት የጎልፍ ክበቡ ሠራተኞች ውድድር አሸናፊ የጀማሪዎች አሠልጣኝ ይሆናል ሲባል፣ ሁላችንም አንቺን ነበር ያየነው።

ያን ቀን ምሰሶው (ስሙን ያወጣሽለት አንቺ ነሽ፤ ያ ረጅሙ የሣር ማጨጃ ሹፌር) ጨርሶ ቆሞ ይጠብቅሻል። የአንቺ ኳስ ደግሞ እኔ የማስተካክለው ትልቁ ጉድጓድ ውስጥ ገብታ ግማሿ ተቀብራለች። በአንድ ምት አውጥተሽ በሌላ ምት ባንዲራው የተተከለበት ቀዳዳ ውስጥ ከከተትሻት፣ ምሰሶውን በአንድ ምት ትበልጪዋለሽ፤ በጥቂት ምት የጨረሰ ነው የሚያሸንፈው። ሽማግሌው ዳኛ አዘነልሽ።

"ልጄ፣ ከፈለግሽ ሁለት ምት ተቀጥተሽ ኳሷን ከጉድጓዱ ውጭ ወደ ኋላ ማስቀመጥ ትችያለሽ።"

"ሁለት ከተቀጣሁማ አለቀልኝ፣ አባባ። እመታታለሁ።"

መታሻት። አሸዋው ፊትሽን አለበሰው፣ ኳሷ ከመሐሉ ወጥታ ተንከባለለች፣ ተንከባለለች፣ ባንዲራው ሥር ቆመች። ወጥተሽ ከተትሻት። ሬኬን ወርውሬ አንገትሽ ላይ ተጠመጠምኩ። ጥርሴ መሐል የገባው አሸዋ እስካሁን ይታወሰኛል።

ምሰሶው ግን ጠርዙ ላይ ጎንበስ ብሏል። "ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው! ይቺ ምንድን ናት?"

አንቺ ከቆፈርሽው ቦታ አንድ ስንዝር ወደ ኋላ፣ ጣት የምታህል ቀጭን ጭረት።

"ስታወዛውዢ ነክተሻል።"

"አልነካሁም።"

"ታዲያ አሸዋው ራሱን ቧጠጠ?"

"አልነካሁም አልኩህ፣ አንተ ሰውዬ!"

ዳኛው ተጨነቀ። አንቺን አየ፣ ምሰሶውን አየ፣ መጨረሻ እኔን አየ። "ጠዋት አሸዋውን ያስተካከልሽው አንቺ ነሽ። ይቺ ጭረት ያኔ ነበረች?"

ከኋላ የወጥ ቤቷ ሴትዮ "የሷ አሸዋ ደግሞ መቼ ጭረት አጥቶ ያውቃል!" አለች። ሰው ሁሉ ሳቀ። አሁን ሳስበው ሴትዮዋ አንቺን ልትረዳ ነበር። እኔ ግን ደሜ ፈላ። በዚያው ሳምንት ኃላፊው "ጉድጓዶቹ በደንብ አይስተካከሉም" ብሎ በሰው ፊት ተቆጥቶኛል፤ አሁን ደግሞ ይሄ ሁሉ ሕዝብ ይስቅብኛል። ደረቴን ነፋሁ።

"እኔ ያስተካከልኩት አሸዋ ላይ ጭረት አይገኝም! እንደ መስታወት አድርጌ ነው የወጣሁት!"

ምነው ያኔ ምላሴ በተቆረጠ። ስለ አንቺ አልነበረም እኮ የማወራው፣ እታለም፤ ስለ ሬኬ ነበር። ፊትሽን ያየሁት ቃሉ ካመለጠኝ በኋላ ነው።

"ሁለት ምት ቅጣት" አለ ዳኛው። በአንድ ምት ተሸነፍሽ።

አልጮህሽም። ዱላሽን በቀሚስሽ ጫፍ ጠርገሽ እጄ ላይ አኖርሽው። "እኔን ውሸታም አድርገሽ የአንቺ አሸዋ ንጹሕ ሆነ፤ እንኳን ደስ ያለሽ" አልሽ። በሦስተኛው ቀን ልጅሽን ይዘሽ ከተማውን ለቀቅሽ።

የከፋው ገና ነው።

በማግስቱ ጠዋት አሸዋውን አስተካክዬ ስወጣ፣ ምን እንዳዞረኝ እንጃ፣ ወደ ኋላ አየሁ። ሬኩን አንስቼ የምዞርበት ቦታ ላይ ጣት የምታህል ቀጭን ጭረት አለች። ወደ ሁለተኛው ጉድጓድ ሮጥኩ፤ አለች። ወደ ሦስተኛው፤ እዚያም አለች። ሬኩን ገለበጥኩት። የዳር ጥርሱ ተጣምሟል፤ ስዞር እሱ ብቻ ወደ ኋላ ቀርቶ ይቧጥጣል። ከጀርባዬ የሚሆነውን አንድም ቀን ዞሬ አይቼ አላውቅም ነበር።

ያኔ አንቺ ሁለት መንገድ አልፎ ያለው ቤትሽ ውስጥ ዕቃሽን እየሸከፍሽ ነበር። ብሮጥ እደርስብሻለሁ። አልሮጥኩም። "ትናንት እንደ መስታወት ነው ብዬ ዛሬ ምን ብዬ?" አልኩ። "ነገ እነግራታለሁ" አልኩ። ነገ ሲመጣ በርሽ ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሏል።

ጥርሱን አላቃናሁትም። ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ። ሰባት ዓመት በየጠዋቱ አሸዋውን ካስተካከልኩ በኋላ ጎንበስ ብዬ ያቺን ጭረት በመዳፌ አጠፋለሁ። ሰው ጥንቃቄዬን እያየ ይደነቃል። አምና በአዳራሹ አስነስተው የጠንቃቃ ሠራተኛ ምስክር ወረቀት ሰጡኝ። አጨበጨቡልኝ። እኔም ስቄ ተቀበልኩ፤ ሳቅ መቼ ይቸግረኛል።

ባለፈው ወር ሽማግሌው ዳኛ ሞተ። ከቀብሩ ስመለስ ልጅሽ ደወለችልኝ፤ በሰባት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ።

"አክስቴ፣ እማዬ ቀኝ እጇ መጨበጥ እምቢ አላት። ማንኪያ እንኳ ይወድቅባታል።"

የቀብር ነጠላዬን እንደለበስኩ ደጃፉ ላይ ቁጭ አልኩ።

"ደግሞ አንድ ነገር እየደጋገመች ትጠይቀኛለች። 'ነክቼው ይሆን እንዴ? ሳላውቀው ነክቼው ይሆን?' ትለኛለች። ምን ልበላት?"

እታለም፣ በእጅሽ መድከም አለቀስኩ። በዚያ ጥያቄ ግን አንጀቴ ተበጠሰ። ሥራሽን የወሰድኩብሽ ብቻ ነበር የመሰለኝ። ለካ የገዛ እጅሽን እንዳታምኚው አድርጌሻለሁ።

ኃላፊው ዘንድ ገብቼ ሁሉንም ተናገርኩ። ሳቀ። "ዳኛው ሞቷል፣ የአሸናፊው ስም ሰሌዳው ላይ ተጽፏል፤ አሁን ማንን ልትከሺ ነው? ሂጂ ሥራሽን ሥሪ።" ምሰሶው ዘንድ ሄድኩ። አሁን አንቺ ልትይዢው የነበረውን ቦታ ይዞ፣ ያንቺኑ "አሸዋውን ምቱ" ለጀማሪዎች ያስተምራል። ለሱም ነገርኩት። "ልጆቼን የማሳድገው በዚህ ሥራ ነው። ምን አድርግ ነው የምትዪኝ?" አለኝ። ትቼው ወጣሁ። የሚሰማኝ ሰው አልቀረም፤ እጅሽም ዱላ አይዝም። ግድግዳው ከፍ ብሏል፣ እታለም። ወደ ባንዲራው መንገድ የለም። እንዳስተማርሽኝ፣ በገባሁበት ወደ ኋላ መውጣት ብቻ ነው የቀረኝ፤ እሱም አንቺ ዘንድ ነው የሚያደርሰኝ።

ዛሬ ብየዳ ቤት ሄጄ ያንን የሬኩን ጥርስ አስቆረጥኩት። ፖስታው ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለው እሱ ነው። በግራ እጅሽ ያዢው፤ አሸዋ ላይ ጎትቺው፤ ጭረቷን ታውቂያታለሽ። ይቅር በዪኝ ለማለት አፍ የለኝም፤ መልስም አልጠብቅም። ብቻ ያ ጥያቄ ሲመጣብሽ ልጅሽን አትጠይቂያት፤ ይህን ደብዳቤ ታንብብልሽ።

ሽማግሌው ለጠየቀኝ መልሴ ይኸው፣ ሰባት ዓመት ዘግይቶ፦ አዎ አባባ፣ ጭረቷ ጠዋትም ነበረች። እህቴ አልነካችም።

ታናሽሽ፣
ባለ ሬኳ