የአርብ የዘፈን ሙግትና የእኔ ጉሮሮ

አርብ፣ ሐምሌ 4። ከምሳ በኋላ

ተሸነፍኩ። ሳህን አጥቤ ገና መቀመጤ ነው፤ እጄ አልደረቀም። ደብተሬ፣ ለሰው ምንም አልመሰለኝም ብያለሁ፤ ለአንቺ ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ አንጀቴ አሯል።

ርዕሱ ዝናብ ነበር። ቶላ፣ ልብስ የሚተኩስልን የሸጎሌው ልጅ፣ አንድ የኦሮምኛ ዘፈን ይዞ መጣ። ገበሬው ከሰማዩ ጋር ይጨቃጨቃል፤ ይለምናል፣ ይቆጣል፣ መልሶ ይቅርታ ይጠይቃል። ቶላ መጀመሪያ ቃሉን በአማርኛ ፈታልን፣ ከዚያ ዘፈነው። ጽጌ አለቀሰች። ጽጌ ካለቀሰች ደግሞ ሙግቱ አለቀ ማለት ነው። የእኔው በዝናብ ስለተደረገ ሠርግ የሚያወራ ዘፈን ነበር። ጋሽ ወርቁ ፈረዱ፦ ይሄ የሠርግ ዘፈን ነው፣ ዝናቡ ተጠርቶ የመጣ እንግዳ ነው አሉ። ልክ ናቸው። ልክ መሆናቸው ነው የሚያናድደው።

አንድ ቀን ሰላም ልጄ ይህን ደብተር ብታነበው እንዲገባት ሕጉን ልጻፍ። ሽሮ ሜዳ ያለው ጥልፍ ቤታችን ውስጥ አራት ነን። እኔና ጽጌ ማሽን ላይ፣ ቶላ ካውያ ላይ፣ ጋሽ ወርቁ ከጓዳ ሸማቸውን ይሸምናሉ። አርብ አርብ ምሳ ላይ በአንድ ርዕስ ሁላችንም አንዳንድ ዘፈን እናመጣለን፤ እንዘፍናለን፣ ከዚያ የኔ ይበልጣል ብለን እንሟገታለን። ስልክ ክልክል ነው፤ በገዛ አፍ ብቻ። ጽጌ ድሮ አንዴ ስልኳን ከፍታ ሙሉ ባንድ አሰማችንና ሁላችንንም ጠራረገችን። ከዚያ ወዲህ ጋሽ ወርቁ ከለከሉ። ዳኛው እሳቸው ናቸው። እንደ ችሎት ስም ይጠራሉ፤ የተጠራው ድምፁን ከፍ አድርጎ «አቤት!» ካላለ ተራው ያልፈዋል። የተሸነፈ ሳህን ያጥባል።

ሌላ ነገር። ጉሮሮዬ ላይ ያለችው እብጠት ዛሬም አለች። ስውጥ አብራ ከፍ ዝቅ ትላለች። ሻርፕ ጠምጥሜባታለሁ፤ ለጠየቀኝ ብርድ ነው እላለሁ። በሐምሌ ማን ይጠረጥራል።

ሰኞ፣ ሐምሌ 7። ጠዋት

ጤና ጣቢያ። ሰላም ናት አስገድዳ የወሰደችኝ። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፣ የምታዘኝ ግን እንደ አክስቴ ነው። እንቅርት ነው አሉ፤ ለማንኛውም ሆስፒታል ሂጂ። «ለማንኛውም» የሚለውን ቃል ጠላሁት።

እናቴም እንቅርት ነበራት። ዕድሜዋን ሙሉ ይዛው ኖረች፣ ምንም አላደረጋት። ይህን ለራሴ ከአዲሱ ገበያ እስከ ቤቴ ድረስ ስደጋግም መጣሁ። ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የነበሩት ሴትዮ ጸሎት የማደርስ መስሏቸው አሜን አሉልኝ።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 9

ሆስፒታል። አልትራሳውንድ አዩ፣ በመርፌ ናሙና ወሰዱ። ውጤት ከአሥር ቀን በኋላ። መርፌው አላመመኝም። ያመመኝ ጥያቄው ነው። ሐኪሙ፣ ልጅ እግር ነው፣ ድምፅሽ ተቀይሯል ወይ አለኝ። አልተቀየረም አልኩ።

ዋሸሁ። ሁለት ሳምንት ሆኖኛል፤ ዘፈን ከፍ የሚልበት ቦታ ስደርስ ይደክመኛል። ምን ብዬ ሐኪም እዋሻለሁ? ፈራሁ በቃ። ካልተናገርኩት የሌለ መሰለኝ።

አርብ፣ ሐምሌ 11። ከምሳ በኋላ

አሸነፍኩ።

ርዕሱ እናት። ጽጌ ሁሉም ሰው የሚያውቀውን አመጣች። ቶላ ስለ እንጀራ እናት የሚል አመጣና ስንት ክርክር ተነሳ፤ እንጀራ እናት እናት ናት አይደለችም። እኔ የእናቴን አመጣሁ። እናቴ ፈታይ ነበረች፤ እንዝርቷን እያሾረች ለራሷ የምታንጎራጉራት አራት ስንኝ ነበረቻት። ሬዲዮ ላይ ተሰምታ አታውቅም። ማን እንዳወጣት አላውቅም። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ከፍ ትላለች፣ እንደገና ትወርዳለች።

ጋሽ ወርቁ ጠሩኝ፣ አቤት አልኩ፣ ጀመርኩ። ሦስተኛው ላይ ወጣሁ። እላይ እንዳለሁ ድምፄ ተሰበረ። ሄደ። አፌ ክፍት ነው፣ የሚወጣ የለም። ቆይቶ ተመለሰ፣ ግን ወፍሮ፣ የእኔ ሳይመስል። እንደምንም ጨረስኩት።

ጽጌ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ እዬዬ። ቶላ ካውያውን አነሳ፣ የሚተኩሰው ሸማ ሊቃጠልበት ነበር። ማንም አልተከራከረኝም። እናቷን አስባ ሆድ ባሳት፣ እንዲህ ነው እንጂ መዝፈን ተብሎ ተጨበጨበ። ጋሽ ወርቁ እጃቸውን አንስተው ፈረዱልኝ።

ደብተሬ፣ አላለቀስኩም። እናቴንም አላሰብኩም። ድምፄ ጠፋኝ፣ እነሱም ለዚያ አጨበጨቡልኝ።

እሁድ፣ ሐምሌ 13። ከሰዓት

ሰላም ልብስ ልታጥብ ወጣች። ስልኬን አውጥቼ የእናቴን ዘፈን ቀዳሁ። ስምንት ጊዜ። ሁለቱ ላይ ተሰበረ፣ ስድስቱ ላይ አልተሰበረም። ስድስት ለሁለት አልኩ፣ ደስ አለኝ። ምን ዓይነት ደስታ ነው? የእግር ኳስ መሰለኝ እንዴ?

ከዚያ ሰላም ከግቢ ተጣራች፤ እማዬ! አቤት ብዬ የመለስኩት እንደ ጎረምሳ ድምፅ ሆኖ ወጣ። ሳቀችብኝ። እኔም ሳቅሁ። አልጋው ላይ ተቀምጬ ደብተሩን አወጣሁ።

ምን ይሆናል ብዬ ነው የምፈራው? ልጻፈው። አንደኛ፣ ያ ክፉ በሽታ ይሆናል ብዬ። ስሙን አልጽፍም። ሌላው የሚያሳፍር ነው። ለድምፄ ፈርቼ ነው። መልክ እንደ ጽጌ አልተሰጠኝ፣ ትምህርቱን ከስምንተኛ አቋርጫለሁ፣ የሰላም አባት ከሄደ ዘጠኝ ዓመቱ። ሰው ቤት ገብቼ ቦታ ልቀቁላት የምባለው ስዘፍን ነው። ድምፄ ከሄደ እኔ አየለች ማን ነኝ?

አርብ፣ ሐምሌ 18

ጣሪያው ማሽኑ ላይ ያፈሳል። መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም። ሆስፒታል ደውዬ ነበር፣ ውጤቱ አልደረሰም። እንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይላል ተረቱ። ለሌላው ሰው ተረት ነው፤ የእኔው እንቅርት የእውነት ነው።

ርዕሱ ቀጠሮ ነበር። ጋሽ ወርቁ ጠሩኝ። አቤት አላልኩም። ደግመው ጠሩ። አንገቴን ደፍቼ ሽሮዬን በላሁ። ጉንፋን ነው አለች ጽጌ ስለ እኔ። ተራዬ አለፈኝ፣ ሳህኑ የእኔ ሆነ።

ቧንቧው ጋ ጋሽ ወርቁ ተከትለውኝ መጡ። ሳህን ሲያጥቡ አይቻቸው አላውቅም፣ አንዱን አንስተው ያለቀልቁ ጀመር። ያለፈው አርብ የተሰበረው ሆድ ብሶሽ አይደለም አሉኝ። አውቀው ኖሯል! ታዲያ ለምን ፈረዱልኝ አልኳቸው፤ ተቆጣሁ፣ በታላቄ ላይ ጮህኩ። አልተቀየሙኝም። የመለሱልኝን እንዳለ ልጻፈው፦

«ስለተሰበረ አይደለም የፈረድኩልሽ። ከተሰበረ በኋላ ስለጨረስሽው ነው። እኔ ክር በተበጠሰብኝ ቁጥር ሸማውን ብጥለው ኖሮ እስከ ዛሬ ራቁቴን ነበርኩ።»

ሻርፑን ገልጬ አሳየኋቸው። አዩ። ማርያም ትቅደም አሉ። ሳህኑን እስኪጨርሱ አልሄዱም።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 22። ከረፋዱ 4 ሰዓት

ውጤት። «አጠራጣሪ» ነው የሚለው። ነውም አይደለም፣ አይደለምም አይደለም። ወጥቶ ካልተመረመረ አይታወቅም፤ ኦፕራሲዮን። ሐኪሙ ወረቀት ላይ ሥዕል ሣለልኝ። ይህ እንቅርቱ፣ ይህች ከኋላው የምታልፈው ቀጭን መስመር የድምፅ ነርቭ። እንጠነቀቃለን አለ። አብዛኛው ሰው ምንም አይሆንም አለ። ግን ድምፅሽ ሊጎረንን ይችላል፣ ከፍ ማለት ሊያቅተው ይችላል፤ ይህን አውቀሽ ፈርሚ።

ያው የሚደክመኝ ቦታ እኮ ነው። ከፍ የሚለው።

አልፈረምኩም። ከቤተሰብ ጋር ልመካከር ብዬ ወረቀቱን ይዤ ወጣሁ። ወጣሁ ማለት ሮጥኩ። ቤተሰብ ማለት ሰላም ናት።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 24

ለሰላም ነገርኳት። መጀመሪያ ቀለደች፤ እንግዲህ በሹክሹክታ ልትቆጪኝ ነዋ አለች። ከዚያ አለቀሰች፣ አለቃቀሷ የሕፃን ነው፣ ረስቼው ነበር። ወረቀቱን ነጥቃኝ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ብትጎረንኚም እማዬ ብዬ ስጠራሽ ትሰሚ የለ? ምንም ብትይ ምንም፣ መልሺልኝ እንጂ አለች። ሌላ የምትፈልገው እንደሌለ ነገረችኝ።

እኔ ስለ ሦስተኛው ስንኝ ስጨነቅ እሷ የምትፈልገው አቤት የሚለውን ብቻ ነው። አፈርኩ። ፍርሃቱ ግን አልወጣም። እፍረትና ፍርሃት አብረው ይቀመጣሉ፣ ቦታ አይጣበባቸውም።

አርብ፣ ሐምሌ 25። ከምሳ በኋላ

ጠዋት ሆስፒታል ደውዬ ለመጪው ሐሙስ ቀጠሮ ያዝኩ፤ ምሳ ላይ ለሁሉም ነገርኩ። ሻርፑን አወለቅሁት። ጽጌ ልታለቅስ ስትል ጋሽ ወርቁ በዓይን ገሠጿት።

ከዚያ ምን ተነሣ መሰለሽ? ሙግት! የሚቀጥለው አርብ እኔ እተኛለሁ፤ የታመመ ሰው ተራ ምን ይሆናል? ጽጌ በስሟ እኔ እዘፍንላታለሁ አለች። እግዜር ያሳያችሁ፣ የጽጌ ድምፅ በእኔ ስም! ቶላ አይሆንም፣ በገዛ አፍ ይላል ሕጉ አለ። ጽጌ ስልክ ይፈቀድላት፣ ቀድታ ትላክ አለች። ደነገጥኩ፤ ስምንቱ ቅጂ ኪሴ ውስጥ ነው። ማንም አያውቅም። ቶላ ካውያ ይዞ፣ ጽጌ መቀስ ይዛ፣ ምሳው በረደ።

ጋሽ ወርቁ ፈረዱ። ርዕሱ ጠዋት ነው። ነገሩ በቀጠሮ ያድራል። አየለች ተጠርታ አቤት እስክትል ማንም አይዘፍንም፣ ማንም አያሸንፍም። ጽጌ ታዲያ ብትዘገይስ አለች፣ መስከረም ድረስ ሳንዘፍን ልንቀር ነው? ሳህኑን ማን ያጥባል? ሳቅን። እኔ ስስቅ ድምፄ አንዴ ተሰበረ፣ ሁሉም ሰሙት፣ ማንም አላጨበጨበም። ደስ አለኝ።

ማታ ማታ ግን ፍርሃቱ ተመልሶ ይመጣል። ውዳሴ ማርያም እጀምራለሁ፣ መሐሉ ላይ የቱ ጋ እንደደረስኩ ይጠፋኛል።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 1። ጠዋት 2:20

ሆስፒታል፣ አግዳሚ ወንበር ላይ። ፍልሰታ ዛሬ ገባ፤ ለኦፕራሲዮኑ ከትናንት ማታ ጀምሮ ምግብ አልቀመስኩም፣ በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ። ሰላም አጠገቤ ናት፣ ቦርሳዬን አቅፋ እንቅልፍ ወስዷታል።

ፈረምኩ። ስሜን ጻፍኩ፣ ፊርማዬ የሌላ ሰው መሰለ፣ የእኔ ነው ግን።

ለአንቺ ብቻ ልናዘዝ። ስምንቱን ቅጂ አላጠፋኋቸውም። ፈሪ ነኝ። ምናልባት ሰላም ትፈልጋቸዋለች።

ስለ ጠዋት ዘፈን መርጫለሁ። ለማንም አልተናገርኩም። ከፍ የሚል ቦታ አለው። ዝቅ ያለ ልመርጥ ነበር፣ ሁለት ሦስት አሰብኩ፣ ተውኩት። የማልወጣው ከሆነ እታች ሆኜ እዘፍነዋለሁ፤ እሱም ካልሆነ ቃሉን እናገረዋለሁ። ጽጌ ብትስቅ ወዮላት። በሆነው ድምፅ እሄዳለሁ፣ ወስኛለሁ።

ኮሪደሩ ይበርዳል። በሩ በተከፈተ ቁጥር

ነርሷ ወጣች፣ ወረቀት ይዛለች። ስም ልትጠራ ነው። የእኔን ነው። ሙሉ ስሜን፣ ከነአባቴ፣ ልክ እንደ ጋሽ ወርቁ።

«አቤት!»

ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፤ ኮሪደሩ ሁሉ ዞሮ አየኝ፣ ሰላም ነቃች። ደብተሬን ለእሷ ልስጣት