ውሃውን እኔው ላፍላ

ይድረስ ለምሳሳልሽ ልጄ ለፍሬሕይወት፤

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? የአርባ ምንጭ ሙቀት እንዴት አድርጎሻል? ባለቤትሽ ቃለ አብስ ደህና ነው? የልጅ ልጄስ፣ ሊያ፣ ጥርሷን አወለቀች ወይስ ገና ታነቃንቃለች? እኔ፣ መድኃኔ ዓለም ይመስገን፣ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልሽ የእውነቴን ነው። በስልክ ብነግርሽ ስላላመንሽኝ ይኸው በወረቀት ጻፍኩልሽ፤ በስልክ እኮ አታስጨርሺኝም።

ከሰል አፍኖት ከካራቫኑ በሰው ሸክም ወጣ ብለው የነገሩሽ እውነት ነው። አልዋሽሽም። የመንገድ ሥራው ካምፕ ከአንኮበር ወደ አሊዩ አምባ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ ነው፤ ለእኔ ለጥበቃው የደረሰችኝ ካራቫን አንድ አልጋና አንዲት መስኮት ያላት የቆርቆሮ ክፍል ናት። ነፋሱን ታውቂዋለሽ። ያን ዕለት ማለዳ ከሰሉን ውጭ አቀጣጥዬ፣ ደህና አድርጎ እስኪቀላ ጠብቄ፣ ጭሱ ካለቀ ምን ያደርገኛል ብዬ፣ ውሃ ላፈላበት ምድጃውን ይዤ ገባሁና በሬን ዘጋሁ። ከዚያ ወዲያ የማስታውሰው የካምፑ ወጥ ሠሪ ሠናይት ፊቴ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ስትደፋብኝ ነው። እሷ በሬን ባታንኳኳ ኖሮ ዛሬ ደብዳቤ የሚጽፍልሽ አባት አልነበረሽም። ጭስ የሌለው ከሰልም እንደሚገድል በስልሳ አንድ ዓመቴ ተማርኩ።

አንቺም ይህን ሰምተሽ፣ ለራሱ ውሃ ማፍላት የማይችል ሰው ብቻውን አይኖርም፣ ለጥምቀት መጥቼ እወስደዋለሁ አልሽ። ስትቆርጪ አይጣል ነው፤ በእናትሽ ነው የወጣሽው። እኔ ግን ልጄ፣ መሄድ አልፈልግም። እንጀራዬ እዚህ ነው፣ የእናትሽም መቃብር መዘዞ ነው። ወር በወጣ ቁጥር ሄጄ አጠገቧ ትንሽ ተቀምጬ እመለሳለሁ። ከአርባ ምንጭ ተነሥቼ እንዴት ልደርስላት ነው?

ስለዚህ ለዚህ የውሃ ነገር መላ ልፈልግለት ተነሣሁ። መጀመሪያ ደብረ ብርሃን ወጥቼ የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ ገዛሁ። ገና ስሰካት የካምፑ ጄኔሬተር አጓራና መብራቱ በሙሉ ድርግም አለ። እራት ላይ የነበሩት መሐንዲሶች በጨለማ ስሜን ሲያነሡ ሰማሁ። ቡታጋዝ እንዳልገዛ፣ ሲሊንደር ከአልጋዬ ሥር አስቀምጬ እንቅልፍ የሚወስደኝ ሰው አይደለሁም። ሠናይት ደግሞ፣ አባባ ለምን ይደክማሉ፣ ጠዋትና ማታ ፔርሙስዎን እኔ ልሙላልዎት አለችኝ። ቀላሉ እሱ ነበር። እኔ ግን እምቢ አልኳት። ምን ዓይነት ኩሩ ሽማግሌ ነው ብላ ሳትታዘበኝ አልቀረችም።

በመጨረሻ የላምባ ምድጃ ገዛሁ። ውስጥ አላስገባውም። ከካራቫኑ ጀርባ በሦስት ወገን ድንጋይ ካብኩና ቆርቆሮ ጣል አደረግሁበት። እዚያ ቁጢጥ ብዬ፣ ነፋሱን በጋቢዬ እየከለልኩ አፈላለሁ። የመጀመሪያው ቀን ሦስት ጊዜ ጠፋብኝ፣ በአራተኛው ጢሜን ለበለበኝ። አሁን ለምጄዋለሁ። የፈላውን በፔርሙስ ይዤ እገባለሁ እንጂ በር ዘግቼ ስተኛ ውስጥ የሚነድ ነገር የለም፤ በዚህ በኩል እፎይ በይ።

ሠናይትን ለምን እምቢ እንዳልኳት ለማንም አልተናገርኩም፤ ላንቺ ልንገርሽ። እናትሽ ወለተሐና ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ከሥራ ስገባ ሙቅ ውሃ አዘጋጅታ ስትጠብቀኝ፣ እኔ አንድ ቀን ምድጃ ለኩሼ አላውቅም። ልታርፍ ሦስት ቀን ሲቀራት፣ አንቺ ገና መንገድ ላይ ሳለሽ፣ በረደኝ፣ እስቲ ትንሽ ሙቅ ውሃ ስጠኝ አለችኝ። ምድጃው እግሬ ሥር ነበር። እኔ ግን የምታፈላ ሴት ልጠራ ወጣሁ። አንዷ ጎረቤት ገበያ፣ አንዷ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ፣ ስዞር ቆየሁና በስንት ጊዜዬ አንዲት ልጅ ይዤ መጣሁ። ውሃው ፈልቶ ሳቀርብላት፣

«ተወው ዘሥላሴ፤ አሁንስ አለፈልኝ» አለችኝ።

ተቆጥታ አይደለም፤ እንደ ሁልጊዜዋ ረጋ ብላ ነው ያለችው። ብርጭቆው በእጄ እንዳለ ቀዘቀዘ።

ትናፍቀኛለች ልጄ። ጠዋት ጠዋት ውሃው መንተክተክ ሲጀምር ደግሞ ይብስብኛል። ይህን ያህል ዓመት አብሬያት ኖሬ፣ በነፋስ ውስጥ ቁጢጥ ማለት ምን እንደሆነ ያወቅሁት እሷ ከሄደች በኋላ ነው። ሌላ ሰው እንዲያፈላልኝ የማልፈልገው ለዚህ ነው።

ቃለ አብን አክብሬ ሰላም ብዬዋለሁ፤ አንቺን ስለያዘልኝ እግዜር ይስጠው። ሊያን ጉንጭና ጉንጯን ሳሚልኝ። የቃለ አብን እናት እንዴት ከረሙ በይልኝ፣ ወገባቸውን እግዜር ይማርላቸው። ሠናይትም ሳታውቅሽ ሰላም ብላሻለች።

ለጥምቀት ነይ፤ ልትወስጂኝ ግን አትምጪ። ልጅሽን ይዘሽ እንግዳ ሆነሽ ነይልኝ። መንገዱ ብርድ ነው፣ ደክሞሽ ትገቢያለሽ። ሙቅ ውሃ አፈላልሻለሁ፤ ማንንም አልጠራም።

የሚናፍቅሽ አባትሽ
ዘሥላሴ

አንኮበር፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.