«ግራው በርዷል»

ይድረስ ለምወድህና ለምናፍቅህ ወንድም ጋሼ፣

እንዴት ሰንብተሃል? ጀርባህን አሁንም ያምሃል ወይስ ሐኪሙ ያዘዘልህ እንቅስቃሴ በጀህ? ባለቤትህስ አዲሱን ሥራዋን ለመደችው? ልጆቹ በረቱልኝ? የትንሹ ጥርስ ወለቀ ብለህ ነበር፤ በቅሎለት ይሆን? እኛ ሁላችን ደህና ነን። «ደህና ነን» ያልኩህ ለወጉ ያህል እንዳልሆነ ወደ ታች ስታነብ ይገባሃል። በስልክ ልነግርህ ብዬ ሁለት ጊዜ ደውዬ ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ ስለ ዝናቡ አውርቼ ዘጋሁት።

መጀመሪያ የልጄን ነገር ልንገርህ። ገና ኮልታፋ ሳለች «ጥያቄ» ብለህ ስም ያወጣህላት የእህትህ ልጅ አንተ ጋ መምጣቷ ቀርቷል። መተላለፊያው ላይ ያዘጋጀህላትን አልጋ ልጆቹ ይዝለሉበት። ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ከተመረቀች ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ ማመልከቻ ይዛ ያላንኳኳችው በር እንዳልነበረ ታውቃለህ። ሻንጣዋን ሸክፋ በር ኋላ አቁማው ነበር። ቅሪ እንዳልላት ምን ይዤ? ጠርሙስ ፋብሪካችን ሊዘጋ ነው እየተባለ፣ እኔ የምሠራበት የፍተሻ ጠረጴዛ ላይ ከመቶ ጠርሙስ አሥራ አንዱ ተሰንጥቆ እየመጣ፣ ምን ብዬ ላስቀራት?

በዚህ መሐል ከዩኒቨርሲቲ ሰዎች መጡ። እንደኛ ያሉ ትንንሽ የፋብሪካ ከተሞችን ለመደገፍ ከማዘጋጃ ቤቱና ከፋብሪካው ጋር የሁለት ዓመት የምርምር ስምምነት ተፈራርመናል አሉ። ሰው መቼ አመናቸው! ፀጉር አስተካካያችን «መጠይቅ ስንሞላ እጃችን ዛለ፤ እነዚህም ፎቶ ተነስተው ይሄዳሉ» እያለ ደንበኛ ሲያስቅ ከረመ። ቡድኑን የምትመራው ዶክተር ግን ከሱ ፀጉር ቤት በላይ ያለውን ክፍል ተከራይታ ገባች። ጠዋት ጠዋት ደረጃውን ስትወርድ ደህና አደርክ ስለምትለው አሁን ከሷ በላይ ጠበቃቸው እሱ ሆኗል።

የድሮውን የሠራተኞች መመገቢያ አዳራሽ አጽድተው ቤተ ሙከራ አደረጉት። ከከተማችን ወጣቶች አሥራ ሁለት መረጡ፤ ጥያቄም ገባች። እኔ ዕቃ ሊያሸክሟቸው ነው ብዬ ነበር፤ ለካ ከዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ጋር እኩል አስቀምጠው ያሠሯቸዋል። ጠርሙሱ ለምን እንደሚሰነጠቅ ፈልጉ ተባሉ። የጥያቄ ድርሻ የድሮ የፈረቃ ደብተሮችን እያነበበች የምድጃውን ሙቀት ኮምፒውተር ላይ መገልበጥ ነበር።

አሁን እኔና አንተ በአፋችን የማናነሳውን ነገር ላነሳ ነው፤ አትቀየመኝ። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት አንድ መኪና ሙሉ የመድኃኒት ጠርሙስ ደንበኛው ጋ ሲደርስ ተሰባብሮ ሲገኝ፣ ጠርሙሱ ቀስ እያለ የሚበርድበት ምድጃ ላይ ተረኛው አባባ ነበሩ። ሙቀቱን ያለጊዜው ቀንሰዋል ተባሉ። አንተ የፈረቃ ኃላፊ ነበርክና አባታችንን ጥፋተኛ ባደረገው ሪፖርት ላይ ፈረምክ። አባባ ከምድጃው ተነስተው ጡረታ እስኪወጡ ጥበቃ ሆኑ፤ አንተ ወር ሳይሞላህ አገር ለቀህ ሄድክ። ከዚያ ወዲህ በመካከላችሁ ሰላምታ የማመላልሰው እኔ ነኝ።

ባለፈው ወር አንድ ቀን ምሳ ላይ ሳለን ጥያቄ እያለከለከች ገባች። ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ «አባባ፣ ‹ግራው በርዷል፤ ለጥገና ተነግሯል› ማለት ምን ማለት ነው? በእርስዎ የእጅ ጽሑፍ ነው። ያ ጠርሙስ ከመሰበሩ በፊት ባለው ሳምንት ሦስት ጊዜ ጽፈውታል» አለቻቸው። አባባ ማንኪያውን አስቀመጡ። ወደ እሷ ዞሩና «መለኪያው የተተከለው በቀኝ በኩል ብቻ ነው። በግራ የሚያልፈው ጠርሙስ ቶሎ ይበርዳል፤ የሚሰነጠቀውም እሱ ነው። ያኔም ተናግሬ ነበር፤ መለኪያው ደህና ነው እያሉ መለሱኝ» አሉ።

በማግስቱ ዶክተሯ ራሷ ቤት ድረስ መጥታ ለመነቻቸው። አባባ ጢማቸውን ተላጭተው፣ ኮታቸውን ለብሰው ሄዱ። እኔም ጠረጴዛዬን ትቼ ተከተልኳቸው። በምድጃው በግራ በኩል መዳፋቸውን ወደ ብረቱ እያስጠጉ ቀስ ብለው ተራመዱ፤ ከመሐል አለፍ ሲሉ ቆሙና «ሙቀቱ የሚያመልጠው በዚህ ነው» አሉ። ወጣቶቹ እዚያው መለኪያ ተከሉ። ሳምንት ሙሉ ሲመዘግቡ በቀኙና በግራው መካከል የአርባ ዲግሪ ልዩነት ተገኘ። ምድጃው ቆሞ ግድግዳው ሲከፈት፣ የውስጡ ጡብ እንደ ደረቀ ዳቦ ተፈርፍሯል።

ከተጠገነ ወዲህ ከመቶው የሚሰነጠቀው ሁለት ቢሆን ነው። የመዘጋቱ ወሬም በረደ። ጥያቄ ከሌሎች ሦስት ጓደኞቿ ጋር ፋብሪካው ውስጥ ተቀጠረች፤ በሳምንት ሁለት ቀን ዩኒቨርሲቲው እዚሁ ያስተምራታል። ሻንጣዋን ራሷ ፈታችው። ያን ቀን ልብሷን ስታጥፍ አይቼ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ፣ የደስታ ነው። ሁሉም ሞላ ልልህ ግን አልችልም፤ የፋብሪካው ሁለተኛ የማምረቻ መስመር እንደተዘጋ ነው፣ ስምምነቱ ሲያልቅ ምን እንደሚሆንም የሚያውቅ የለም። ቢሆንም ጠዋት ስነሳ ትከሻዬ ቀሎኛል።

አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ያ ሪፖርት ስህተት እንደነበረ ጽፎ፣ አባባን ይቅርታ ጠይቆ፣ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ አስለጠፈው። ግልባጩን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሃለሁ፤ ይላክለት ያሉት አባባ ናቸው። ፈራ ተባ እያልኩ ስለ አንተ ጠየቅኳቸው። «የሠላሳ ሦስት ዓመት ልጅ ነበር። መለኪያው ያሳየውን አምኖ ፈረመ። እኔም በሱ ቦታ ብሆን የምፈርም ይመስለኛል» አሉኝ። ቃል አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም።

ለባለቤትህ ናፍቆቴን ንገርልኝ። ትልቋን ሳምልኝ፤ ትንሹን ደግሞ ሁለቱንም ጉንጩን። ባለቤቴ ያን የተውክለትን ጃኬት እስካሁን እንደሚለብሰው ንገሪልኝ ብሏል። ጥያቄ እጅ ነስታለች። እማማ አንተን ለማየት ያብቃኝ ብለው ይመርቁሃል። አባባ ሰላምታውን በእጃቸው ሊጽፉልህ ብዕሩን ተቀብለውኝ ነበር፤ ትንሽ ይዘውት ቆዩና «ተይው፣ ሲመጣ እነግረዋለሁ» ብለው መለሱልኝ። «ሲመጣ» ነው ያሉት ወንድም ጋሼ፤ «ከመጣ» አላሉም።

አክባሪህ እህትህ
ከፋብሪካው ሰፈር፣ ከአባታችን ቤት
ግንቦት 11 ቀን