መኪና የሚሰምጥበት «ጽኑ አለት»

ይድረስ ለተከበሩ የከተማችን የመሬት ጥናት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ የታችኛው ሰፈር ነዋሪዎች፣ ባለፈው ሳምንት ምድር ከነቀነቀችን ወዲህ የጎረቤትን ወሬ በግድግዳ ስንጥቅ እየሰማን በደህና አለን። ይህን በአደባባይ የጻፍኩት ክብርዎን ለመንካት ሳይሆን፣ ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ ስለሚሆኑ ነው።

አንደኛ፣ ሕንፃችን ከመሠራቱ በፊት፣ የምድር መንቀጥቀጥ ቢመጣ መሬታችን ምን ያህል እንደሚናጥ እንዲለኩ ባለሙያዎችዎን መላክዎን ከልብ አመሰግናለሁ። ባለሙያዎቹ መለኪያቸውን ጭነው እስከ ሰፈሩ መግቢያ ደርሰው ነበር፤ ሾፌሩ ግን ጭቃው መኪናዬን ይውጠዋል ብሎ አሻፈረኝ አለ። ስለዚህ መኪናቸውን አዙረው ኮረብታው ላይ፣ ከቢሮዎ አጥር ጥግ ለኩ፤ በዚያው ልኬት የእኛ ሰፈር «ጽኑ አለት» ተብሎ በእርስዎ ፊርማ ጸደቀ። ነዋሪው ረግረግ ነው ብሎ ቢጮህ ሰሚ አላገኘም፤ ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው የሚለውን ተረት ለእርስዎ ለመተረት ግን አንደፍርም።

ሁለተኛ፣ ኮረብታው ላይ ያላችሁት ስለ መንቀጥቀጡ ያወቃችሁት በማግስቱ ከዜና እንደሆነ ጸሐፊዎ ነግራኛለች፤ እንኳን እንቅልፋችሁ አልተረበሸ። እኛ ዘንድ ቁም ሣጥኑ ከግድግዳው ተነስቶ እስከ በሩ ተራመደ። ውሃ የሞላ ሳፋ በእግርዎ ነካ ቢያደርጉ ሳፋው ወዲያው ይረጋል፣ ውሃው ግን ሲዋልል ይቆያል፤ ለስላሳ አፈርም እንደዚያው ነው። ይህን ለእርስዎ መንገር ድፍረት ነው፤ የተማሩት ይህንኑ ነው።

ሦስተኛው ላይ ትሕትናዬ ቢያልቅ ይቅር ይበሉኝ። ባለሙያዎችዎ ባያውቁ እንኳ እርስዎ ያውቃሉ፤ አብሮ አደጌ ነዎት። እንቁራሪት ስናሳድድ ጭቃው የዋጠው አንድ እግር ጫማዎ ዛሬም ከሕንፃችን ሥር ነው። ያን ቀን እያለቀሱ ሲመጡ እግርዎን ያጠበችው፣ እናትዎ እንዳይቆጡዎትም የእኔን ጫማ አጫምታ የሸኘችዎ እናቴ ነበረች። እጇ አመድ አፋሽ ሆነ። ሌላ ሰው ቢፈርመው ተናድጄ ይወጣልኝ ነበር፤ እርስዎ ስለሆኑ ግን አንጀቴ ቆስሏል።

የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ባለሙያዎችዎ መለኪያውን ይዘው በእግራቸው ይውረዱና እኛ የምንተኛበት መሬት ላይ ይለኩ። ከከበዳቸው እኛ እንሸከምላቸዋለን።

ወንበርዎ ከእኛ ወለል ይልቅ እንዲጸናልዎ ዘወትር የምመኝ፣
ጫማውን እስከ ዛሬ ያልመለሱለት አብሮ አደግዎ

ሳልረሳው፦ ማረጋገጫውን በፈረሙ ሰሞን እናትዎን ከጎናችን አንስተው ኮረብታው ላይ ቤት እንዳስገቧቸው አይተናል፤ እንኳን ለዚያ አበቃቸው። የእኔን እናት ግን ከሦስተኛ ፎቅ ማስወረድ አቅቶኛል። ስንጥቁን ባሳያት፣ እግሯ ላይ ወድቄ ብለምናት፣ የፈረመው እሱ ነው፣ ያ ልጅ እኔን አይዋሸኝም ትለኛለች። እባክዎ መጥተው እርስዎ ይንገሯት፤ እኔን አታምነኝም።