የቤቱ ደጅ መቀመጫ

ይድረስ ለወንድሜ ለአትማን፣ ላሙ፤

ይህን ካርድ የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው፤ ያላመነ ሞምባሳ ድረስ ይምጣና ይየኝ። ደላላው ኪራኦ፣ «ከድልድዩ ማዶ አዲሱ ሰፈር ግዛ፤ ማንም ደጅህ ላይ አይቀመጥም» አለኝ። «ታዲያ ወሬዬን ማን ሊሰማኝ ነው?» ብዬ መሀል አሮጌው ከተማ ያለ ቤት አሳየኝ አልኩት። ወሰደኝ፤ ደጁ ላይ ካለው የድንጋይ መቀመጫ አረፍ ከማለቴ አንድ ሽማግሌ መጡና «ተነስ፣ ቦታዬ ነው» አሉኝ።

«ቤቱን ልገዛው እኮ ነው፣ አባባ።»

«ግዛዋ፤ ቤቱ ያንተ፣ መቀመጫው የእኔ።»

ኪራኦ ወደ ድልድዩ ሊጎትተኝ ሞከረ። እኔ ግን ላሙ ውስጥ እንዲህ የሚመልስልኝ ወንድ አጥቼ ስለኖርኩ፣ እዚያው ቀብድ ከፈልኩ። ለሚስትህና ፊደል ላስቆጠሩን የማታ ትምህርት አስተማሪያችን ሰላም በልልኝ። ሽማግሌው አጠገቤ ተቀምጠው ካርዱን እያዩ «ፊደልህ ተጣሟል» ይሉኛል፤ አልተነሳሁላቸውም።

ፋማው