ለነብሮ ጓደኛ ፍለጋ ሞጣ ስለ መሄዴ

ለእኔዋ ጥሩወርቅ፤ ይህች ወረቀት ካለሽበት በሰላም ታግኝሽ።

ከተለየሽኝ ሁለት ክረምት አለፈ፤ አሁን አጨዳ ገብቷል። ቤቱ ቆሟል። የጓሮው የበርበሬ መደብሽ ዳዋ ውጦት ነበር፤ አርሜዋለሁ። የስፌት መኪናዬን ወደ በረንዳው አውጥቻታለሁ፤ እቤት ውስጥ ስሰፋ ጨርቁን የሚይዝልኝን እጅሽን እየጠበቅሁ መርፌ እሰብር ነበርና። ትምህርቴ ከፊደልና ከዳዊት እንዳላለፈ ታውቂያለሽ፤ ስህተቱን ዝለዪው።

ዋናው ነገር ግን ስለ ነብሮ ነው። ሊገድሉት ነበር። አልፈቀድሁም።

እናቱ ሞታበት በጨርቅ ወተት እያጠባሽ ያሳደግሽው ውሻ፣ የሚሮጥ ነገር ካየ ልቡ ከእርሱ ጋር አይሆንም። አንቺ ስትጠሪው በሩጫው መሀል ቀጥ ይል ነበር። እኔ ስጠራው ጆሮውን እንኳ አያዞርልኝም። ከሄድሽ በኋላ ባሰበት። መጀመሪያ ዶሮ፣ ከዚያ የጎረቤታችን የአያ ቢተው ጠቦት። ለጠቦቱ የራሴን ጠቦት ሰጠሁና ታረቅን። የቀጠለውን መጻፍ ግን ያሳፍረኛል፤ በፍልሰታ ጾም፣ ቅዳሴው ሳያልቅ፣ ጥንቸል እያባረረ ቅጽረ ቤተ ክርስቲያን ገባ።

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ስንወጣ ወንዶቹ ዱላ ይዘው ነብሮን ከቅጽሩ ውጭ ከግንብ ጋር አጣበቁት። አያ ቢተው ዱላውን ሲያነሣ አፌ ቀደመኝ፤ «በጃንሆይ አምላክ!» ብዬ ጮኽሁ። ይህ ቃል ከተጠራ ዳኛ ሳያይ እጁን የሚያሳርፍ የለም፤ ሰው ግን የሚጠራው ለርስቱ ወይም ለነፍሱ ነው። ዱላው አየር ላይ ቀረ። ከዚያ ሁሉም ሳቁ። «ንጉሡን ለውሻ አቆመ! ነገ ደግሞ ለድመቱ ጳጳሱን ይጠራልናል» አለ አያ ቢተው። ቢስቁም ቃሉ ተጠርቷልና ነገሩ በመንደራችን ዳኛ በጭቃ ሹሙ ፊት ቀረበ። እሳቸውም «እስከ ኅዳር ሚካኤል ጠባዩን ካልያዘ አንተው በእጅህ ትገድለዋለህ» ብለው ፈረዱ።

የንስሐ አባታችን ቅጽሩን ጸበል ረጩ፤ ለእኔም ስግደት ሰጡኝ። ሰገድሁ፤ አንድም አላጎደልሁም። በሩን ሳልዘጋ የሄድሁት እኔ ነኝ። ለጥፋቴ ጉልበቴን እሰጣለሁ እንጂ ያንቺን ውሻ አልሰጥም። እግዚአብሔርም ይህን የሚፈልግብኝ አይመስለኝም፤ ከተሳሳትሁ በእርሱ ፊት እጠየቃለሁ፣ በአያ ቢተው ፊት ግን አልጠየቅም።

አሰርሁት። ገመዱን አኝኮ በጠሰው። በሰንሰለት ባስረው እህል ተወ። አንድ ቀን እየሰፋሁ ሳየው የጎደለው ማሰሪያ እንዳልሆነ ገባኝ። ድሮ ቀኑን ሙሉ ካንቺ ኋላ ነበር የሚውለው፤ አሁን የሚከተለው ቢያጣ የሚሮጠውን ሁሉ ይከተላል። አጠገቡ የሚውል የራሱ ወገን ያስፈልገዋል አልሁ።

እዚህ ላይ ተሳሳትሁ። ቡችላ ሲመረጥ በማጅራቱ አንጠልጥለው የጮኸውን ትተው ዝም ያለውን ይወስዱ የለ? እኔም አዳኝ ውሻ ከሚያረባ ሰው ቤት ሄጄ አምስት ቡችላ አንጠለጠልሁ። አራቱ አለቀሱ፤ አምስተኛው ጥርሱን አሳየኝ። ደስ አለኝ! ወንድ ማለት ይህ ነው ብዬ በጋቢዬ አቅፌ አመጣሁት። ጥቂት ሳምንት እንደቆየ ሁለቱ ተማማሉ፤ ነብሮ ያባርራል፣ ትንሹ ከአጥር ሥር አድፍጦ ይቀበላል። በአንድ ጧት ሦስት ዶሮ ጨረሱ። ለሌባ ሌባ ጨምሬለት ኖሯል። ቡችላውን ለባለቤቱ መለስሁ።

ከዚያ ራሴን ጠየቅሁት። ለምን ያንን መረጥሁ? ለነብሮ የሚበጀውን ሳይሆን እኔን የሚያኮራኝን ነበር የመረጥሁት። ይህ ጠባዬ ደግሞ የቆየ ነው። አባቴ አንቺን ሲያጩልኝ «ዝምተኛ ናት» ብዬ ከፍቶኝ እንደነበረ ነግሬሽ አላውቅም። ይኸው ነገርሁሽ። ከውሻ ጋር አነጻጸረኝ ብለሽ እንዳትቀየሚኝ፤ ብትኖሪ ትስቂ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቤቱን ቀጥ አድርጎ የያዘው ያ ዝምታሽ ነው። እኔ ለነገር ስነሣ፣ አንቺ ምንም ሳትዪ በሩ ላይ ቆመሽ ስታዪኝ፣ ዱላዬን መልሼ እሰቅል ነበር።

በጥቅምት ነብሮን ይዤ ሞጣ፣ በግ ከሚያረባው ከወንድምሽ ከዓለሙ ዘንድ ሄድሁ። የጭነት መኪናው ሾፌር «ውሻ አልጭንም» ቢለኝ በእግሬ ሄድሁ። ግንደወይን ያሳደሩኝ ሰዎች እግሬን አጥበው «ለመሆኑ ይህን ሁሉ አገር ውሻ የሚያስጎትትህ ምንድን ነው?» አሉኝ። «የሚስቴ ነው» አልሁ። ሌላ አልጠየቁኝም።

ዓለሙ ጉዳዬን ሲሰማ «ጋሼ፣ ለውሻህ ሚስት ልታጭ ነው የመጣኸው? ሽማግሌህ የታለ?» ብሎ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ሽማግሌውም እኔ፣ አባቱም እኔ» አልሁት። ሦስት ውሾች ነበሩት። በግቢያቸው ባገናኛቸው ይናከሳሉ ብዬ፣ የማንም ካልሆነ ሜዳ ላይ ዓለሙ አንድ በአንድ እያመጣቸው ከነብሮ ጎን ለጎን እንድንሄድ አደረግሁ። አንዱ ሊዘነጥለው ዘለለ። ሁለተኛው በሆዱ እየተሳበ ሽንቱን ለቀቀው። ሦስተኛዋ ዳማ የሚሏት፣ ከበግ ጋር ያደገች፣ ዕድሜዋ የገፋ ቀይ ውሻ ናት። አሸተተችውና አዛጋች። ዓለሙ በጎቹን በፊታችን አሳለፈ። ነብሮ ገመዱን ስቦ ክንዴን ሊነቅለው ደረሰ። ዳማ በጎቹን እንደ ጎረቤት አየት አደረገቻቸውና ከፊቱ ገብታ ትከሻዋን ሰጠችው፤ አንዴ ብቻ አጉረመረመች። ነብሮ ቀና ብሎ አያት። ያን አስተያየት ካንቺ ወዲህ አላየሁበትም።

«እሷን» አልሁ።

«ጆሮዋን ጅብ የወሰደባትን? ሴቷን? ኧረ ጋሼ፣ ወንዱን ውሰድ፣ ሰው ይስቅብሃል!»

«ይሳቅ» አልሁት።

ሳቁም። ዳማን ይዤ ብቸና ቤታችን ስገባ ጎረቤቶቹ «የአገሩን ወንድ ውሻ ደጃችን ሊያሰፍርብን ነው» አሉ። አያ ቢተውማ «ውሻውን ዳረ፣ እሱ ግን ወንደላጤ!» እያለ በየመንገዱ አወራ። ከሙት ዓመትሽ ጀምሮ አግባ ማለታቸውን አልተዉም። ለነብሮ አጠገቡ የሚተኛ አገኘሁለት እንጂ ምትክሽን አላመጣሁለትም፤ ለራሴም አላመጣም። ይህን ፊት ለፊት ነግሬያቸዋለሁ። ቢገባቸው ባይገባቸው የእነሱ ጉዳይ ነው።

የኅዳር ሚካኤል ዕለት ከቅዳሴ መልስ ጭቃ ሹሙ ደጄ መጡ። አያ ቢተው በጎቹን ሆን ብሎ «ሂድ! ሂድ!» እያለ እያስበረገገ በደጃፌ ነዳቸው። «ፍታው» አሉኝ ጭቃ ሹሙ። ፈታሁት። በልቤ መጀመሪያ የጠራሁት ያንቺን ስም ነው፣ ቀጥሎ የመልአኩን፤ ማስቀደሜን ይቅር ይበለኝ። ነብሮ ተፈተለከ። ዳማ ከኋላው አልሮጠችም፤ በአቋራጭ ሄዳ በእርሱና በበጎቹ መካከል በጎን ቆመች። ደረሰባት። ቆመ። ከአፍንጫው እስከ ጭራው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ግን ቆመ። እሷ ቀስ ብላ ወደ ደጃችን ስትመለስ፣ እሱም በጎቹን ዞር ዞር እያለ እያየ ተከተላት።

«ዛሬ ጠግቦ ነው» አለ አያ ቢተው።

«እኔ ያየሁትን አይቻለሁ፤ ይኑር» አሉ ጭቃ ሹሙ። «ከቤተ ክርስቲያን አጠገብ ግን እንዳላየው።»

አልዋሽሽም፣ ጨርሶ አልተለወጠም። ትናንት ዳማ ሳታየው ቆቅ አባርሮ እስከ ወንዝ ደርሶ ነበር፤ ምላሱን ጎልጉሎ ባዶ አፉን ተመለሰ። ቅዳሴ ስሄድ ሁለቱንም ዘግቼባቸው ነው። ይኖራል ግን። ደግሞም ይበላል።

ሰዎቹ «የሞተ ሞተ፣ እስከ መቼ?» ይሉኛል። እስከምሞት ነዋ! በየቅዳሴው ስምሽን አስጠራለሁ፤ በዚህም ቤት ስምሽን ጮክ ብዬ እጠራለሁ፤ ያልተመቸው ጆሮውን ይያዝ። እኔ ቆሜ ሳለሁ አንቺን የሚያስረሳኝ ሰው ይህን ደጅ አይረግጥም።

ይህን ስጽፍልሽ ሁለቱም ከእግሬ ሥር ተኝተዋል። ከአጥሩ ወዲያ አንድ ነገር ኮሽ አለ። ነብሮ ጆሮውን አቆመ። ዳማ አልተነሣችም። እኔም አልተነሣሁም።

ባልሽ አድማሱ
ብቸና